ከሴራሚኩ በታች፦ በአቃቂ ጥቁር አፈር ላይ ሻወር ስለ መሥራት



የዛሬው ንግግሬ 90 ሳንቲ ሜትር በ90 ሳንቲ ሜትር ስለሆነች ቦታ ነው። አንድ ካሬ ሜትር እንኳ አትሞላም። ሰው ቆሞ ገላውን የሚታጠብባት፣ በሲሚንቶ ወለል ላይ የምትሠራው የሻወር መቆሚያ ናት። ለዚህች ትንሽ ቦታ ይህን ያህል ሰው መሰብሰብ ምን አስፈለገ የሚል ቢኖር መልሴ አጭር ነው፤ አቃቂ ውስጥ የሻወር መቆሚያ ማፍሰስ ከጀመረ ጉዳቱ መታጠቢያ ቤት ውስጥ አይቀርም። እስከ መሠረት ይወርዳል። ለምን እንደሚወርድ፣ እንዳይወርድም በገዛ እጃችን ምን ማድረግ እንደምንችል ላስረዳችሁ።

ከመሬቱ ልጀምር። ከእግራችን ሥር ያለው ጥቁር አፈር ነው፤ አንዳንዱ ዋልካ፣ አንዳንዱ መረሬ ይለዋል። ጤፍና ሽምብራ ለሚዘራ ገበሬ ደግ አፈር ነው። ቤት ለሚሠራ ሰው ግን አስቸጋሪ ነው። ውስጡ ያለው ደቃቅ ሸክላ ውሃ ሲያገኝ እንደ ሊጥ ኩፍ ይላል፤ ሲደርቅ ደግሞ ይኮማተራል። በበጋ ማሳ ላይ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ የምታዩት በዚህ ምክንያት ነው። እዚህ ሰፈር ቤት ያለው ሁሉ ያውቀዋል፤ በክረምት ያልነበረ ስንጥቅ በጥርና በየካቲት ግድግዳ ላይ ይወጣል፣ ትናንት ይዘጋ የነበረ በር አልገጥም ይላል፣ ወለሉ አንድ ቦታ ላይ ይነሳል። መሐንዲሶች ጥቁሩን አፈር ቆፍሮ አውጥቶ ሰሌክት ማቴሪያል በሚባለው በማያብጥ አፈር መተካት ይገባል የሚሉት ለዚህ ነው። አቅም ያለው እንደዚያ ያደርጋል። ብዙዎቹ የቆዩ ቤቶቻችን ግን ይህን ዕድል አላገኙም። ጥቁሩ አፈር ላይ ድንጋይ ተደረደረ፣ ከላዩ ስስ ኮንክሪት ተጣለ፣ ሊሾ ተመታ፣ ሰው ገባበት።

አሁን ልብ በሉልኝ። ቤቱ በሙሉ እኩል ቢረጥብ፣ እኩልም ቢደርቅ ጉዳቱ ቀላል በሆነ ነበር። ግድግዳ የሚሰነጠቀው አንዱ ጥግ ሲነሳ ሌላው ባለበት ሲቀር ነው። የሚያፈስ ሻወር የሚያመጣው ይህንኑ ነው፤ የቤቱን አንድ ጥግ ክረምት ከበጋ ያጠጣዋል። እዚያ ጋ አፈሩ ያብጣል፣ ወለሉን ወደ ላይ ይገፋል። ወለሉ ሲሰነጠቅ መቆሚያውም አብሮ ይሰነጠቃል፣ በስንጥቁ ደግሞ የበለጠ ውሃ ይገባል። ባለቤቱ ግን ስንጥቁን ያየው ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ስለሆነ ሻወሩን አይጠረጥርም። ሠራተኛ ይጠራል፣ በጀሶ ያስደፍናል፣ ቀለም ያስቀባል። በዓመቱ ያው ስንጥቅ በዚያው መስመር ተመልሶ ይመጣል። ይህን ያየሁበት ቤት ብዙ ነው፤ ሁልጊዜም ገንዘቡ የሚፈሰው ስንጥቁ ላይ እንጂ ምንጩ ላይ አይደለም።

በገላን፣ በቱሉ ዲምቱ፣ በቂሊንጦ ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ ይህ እኛን አይመለከትም እንዳትሉ። ከእናንተ መታጠቢያ ቤት ሥር ያለው የጎረቤት ኮርኒስ ነው። ብዙዎቻችሁ ቤቱን የተረከባችሁት ወለሉ ሳይለብስ፣ መታጠቢያ ቤቱም በደንብ ሳይጠናቀቅ ነው፤ የቀረውን የጨረሳችሁት በየኪሳችሁ፣ በየራሳችሁ ሠራተኛ ነው። የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 የግል የሆነውንና የጋራ የሆነውን ለይቶ ደንግጓል፤ ውሃ ግን ይህን ልዩነት አያውቅም። ከሦስተኛ ፎቅ የወረደ ርጥበት ሁለተኛ ፎቅ ያለችውን እናት ኮርኒስ ሲያጠቁር የሚመጣው ጠብ ጎረቤትን ከጎረቤት ለዓመታት አኳርፏል።

አሁን ወደ ሥራው ልግባ። በቅድሚያ ግን አንድ የተለመደ ስሕተት መነቀል አለበት። ሴራሚክ ውሃ የሚከላከል ይመስለናል። ንጣፉ ራሱ አዎን፤ በንጣፍና በንጣፍ መካከል ያለው ግራውት ግን ሲሚንቶ ነው፣ ሲሚንቶም ውሃ ይጠጣል። በየቀኑ የምንታጠብበት ውሃ ጥቂቱ በግራውቱ አልፎ ወደ ታች መውረዱ አይቀርም። ስለዚህ ውሃን የሚያስቆመው ከሴራሚኩ በታች ያለው ሥራ ነው፤ ሴራሚኩ የሚያገለግለው ለጽዳትና ለውበት ነው። ገበያ ወጥተን የሴራሚኩን ቀለም ለመምረጥ ግማሽ ቀን እናጠፋለን፤ ከሥሩ ስለሚገባው ነገር ግን ሻጩን አንድ ጥያቄ እንኳ አንጠይቅም።

ውሃን በግንብ መያዝ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ጎንደር ያለውን የፋሲል መዋኛ አስቡ፤ በ17ኛው ክፍለ ዘመን በድንጋይና በኖራ ተሠርቶ ዛሬም ለጥምቀት ከቀሃ ወንዝ በሚመጣ ውሃ ይሞላል። ሮማውያን ደግሞ በኔፕልስ አጠገብ ካለችው ፖዙኦሊ የሚያወጡትን የእሳተ ገሞራ አመድ ከኖራ ጋር እየቀላቀሉ ውሃ ውስጥ የሚጠነክር ግንብ ሠርተዋል። ዛሬ ከሱቅ የምንገዛው ፒፒሲ የሚባለው ሲሚንቶ የዚያ ብልሃት ዘመድ ነው፤ በአገራችን ከስምጥ ሸለቆ በሚወጣ ፐሚስ በሚባል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ተቀላቅሎ ይፈጫል። ይህን ያነሣሁት ለወግ አይደለም። ፒፒሲ ኦፒሲ ከሚባለው ከተለመደው ሲሚንቶ ይልቅ ቀስ ብሎ ነው የሚጠነክረው፤ በቂ ርጥበት ካገኘ ግን መጨረሻው ላይ ይበልጥ ጥቅጥቅ ያለና ውሃ የማያሳልፍ ይሆናል። ለሻወር መልካም ሲሚንቶ ነው። ትዕግሥት ግን ይጠይቃል፤ ዛሬ ጥሎ ነገ ሴራሚክ የሚለጥፍ ሰው የፒፒሲን ጥቅም ጥሎታል።

መሥራት ስትጀምሩ በመጀመሪያ ያለውን ወለል መርምሩ። በትንሽ መዶሻ ከዳር እስከ ዳር እያንኳኳችሁ አዳምጡ። ባዶ ድምፅ የሚሰጥ ቦታ ካለ ሊሾው ከኮንክሪቱ ተላቋል ማለት ነው፤ ያን አንሡት። ስንጥቅ ካገኛችሁ ደግሞ የቆመ ነው ወይስ ገና የሚንቀሳቀስ? ይህን ለማወቅ በስንጥቁ ላይ አሻግራችሁ ጥቂት ጀሶ ለጥፉና ቀኑን ጻፉበት። ጀሶ አይለጠጥም፤ ስንጥቁ ከተንቀሳቀሰ ጀሶውም ይሰነጠቃል። ከክረምት ወደ በጋ የሚያሻግር ጊዜ ብትሰጡት መልሱ እርግጠኛ ይሆናል። በእኛ አፈር ላይ ይህን ምርመራ መዝለል አይገባም፤ ቀጣዩን ሥራ የሚወስነው እሱ ነውና።

ወለሉ ጤነኛ ከሆነ መቆሚያውን ከወለሉ ጋር አጣብቁት። ሊሾ ለስላሳ ስለሆነ ሞርታር አይዝበትም። ስለዚህ ፊቱን በመሮ ውጉት፣ አቧራውን ጥረጉ፣ ከዋዜማው ጀምራችሁ አርጥቡት፤ የቆመ ውሃ ግን አይኑርበት። ቀጠን ያለ ሲሚንቶ በጥብጣችሁ በብሩሽ ቀቡትና ሳይደርቅ ሞርታሩን ጣሉበት። እንዲህ ከተያያዘ ከ3 እስከ 4 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ይበቃዋል።

ወለሉ የሚንቀሳቀስ ከሆነ ግን ተቃራኒውን አድርጉ። አታጣብቁት፣ ለዩት። ወፍራም ላስቲክ አንጥፉ፤ በላስቲኩ ላይ ከ5 እስከ 6 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው መቆሚያ ጣሉ፤ መሃሉ ላይ የሽቦ መረብ ይግባበት። መቆሚያው ከግድግዳው ጋር እንዳይያያዝ ዙሪያውን ስስ ፎም አስገቡ። የውሃ መውረጃው ቱቦ የድሮውን ወለል የሚያልፍበት ቀዳዳም በሲሚንቶ አይደፈን፤ በፎም ይጠቅለል፣ አለዚያ ወለሉ በተነሣ ቁጥር ቱቦውን ይቆርጠዋል። እንዲህ የተሠራ መቆሚያ ከሥሩ ያለው ወለል ቢንቀሳቀስ እንኳ ሳይሰነጠቅ እንደ አንድ አካል ይቆያል። ይህ ቤቱን ከጥቁር አፈር አያድነውም። ሻወሩ ግን ለአፈሩ ውሃ ማጠጣቱን ያቆማል፤ ከላይ የነገርኳችሁን የጉዳት ዑደት የሚቆርጠውም ይኸው ነው። ብዙ ባለሙያዎች ሁሉንም ወለል በአንድ ዓይነት መንገድ ይሠራሉ። እኔ የምለው ወለሉ ይምራችሁ ነው።

መውረጃው የት ይሁን? ምድር ቤት ከሆነ ኮንክሪቱን ቆርጦ ቱቦ መቅበር ይቻላል። በኮንዶሚኒየም ግን መሮ አታንሡ። በብዙዎቹ ሕንፃዎች ወለሉ የተሠራው በተገጣጣሚ የኮንክሪት ማገሮችና በመካከላቸው በተደረደረ ብሎኬት ነው፤ ማገሩን የነካ የሁሉንም ቤት ነካ። ያለውን ቀዳዳ ተጠቀሙ፣ ካልበቃም መቆሚያውን ከፍ አድርጉ። ለሻወር 50 ሚሊ ሜትር ፒቪሲ ቱቦ ይበቃል፤ በየሜትሩ 2 ሳንቲ ሜትር ይዘቅዝቅ። ሲፎን የሌለው መውረጃ በፍጹም አትግጠሙ። ሲፎን ውስጥ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ውሃ ቆሞ ይቀራል፤ የፍሳሹን ሽታና በረሮውን የሚዘጋው ያ ውሃ ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሻወሩ ብዙ ቀን ካልተሠራበት ይህ ውሃ ይተናል፣ ሽታው ይመጣል፤ ያን ጊዜ አንድ ጣሳ ውሃ ማፍሰስ መፍትሔው ነው።

ስለ ሞርታሩ። አንድ ባልዲ ሲሚንቶ ለሦስት ባልዲ አሸዋ። ለ90 በ90፣ በአማካይ 5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት፣ ወደ 20 ኪሎ ሲሚንቶና ባለ 20 ሊትር ሁለት ባልዲ አሸዋ ይበቃል፤ አንድ ከረጢት ሲሚንቶ ገዝታችሁ ከግማሽ በላይ ይተርፋችኋል። አሸዋውን ግን ፈትኑት። የሃይላንድ ጠርሙስ አንድ ሦስተኛውን በአሸዋ ሙሉ፣ ውሃና ቁንጥጫ ጨው ጨምሩ፣ በደንብ ነቅንቁና ለጥቂት ሰዓታት አስቀምጡት። ከአሸዋው በላይ የሚረጋው ደቃቅ ጭቃ ነው። የኢትዮጵያ ደረጃ የሚፈቅደው ጭቃ እስከ 6 በመቶ ነው፤ ከዚያ ካለፈ አሸዋውን እጠቡት ወይም መልሱት። ጭቃ የበዛበት አሸዋ ሲሚንቶውን አያስይዝም፣ ሲደርቅም ይሰነጠቃል። ሞርታሩን ደረቅ ያለ አድርጉት፤ በእጃችሁ ስትጨብጡት ቅርፁን ይያዝ፣ ውሃ ግን አያንጠብጥብ። ሠራተኛ ለመግፋት እንዲቀለው ውሃ ሲያበዛበት ዝም አትበሉ።

ተዳፋቱ ላይ ነው ብዙ ሻወር የሚበላሸው። የመቆሚያው ዙሪያ በሙሉ በውሃ ልክ አንድ ከፍታ ላይ ይሁን፤ መውረጃው ከዙሪያው በ1.5 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ይበል። ከዙሪያው ወደ መውረጃው ቀጥ ባለ ጣውላ እየጎተታችሁ አስተካክሉ። ከዚህ ያነሰ ከሆነ ውሃ ጥግ ላይ ይቆማል፤ እጅግ ከበዛም እግር ያንሸራትታል፣ በተለይ ለአረጋውያን አደገኛ ነው። የመግቢያውን ደፍ በጡብ ወይም በተደፈነ ብሎኬት 10 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጉ። ቤት ውስጥ አቅመ ደካማ እናት ወይም አባት ካሉ ግን ደፉን ዝቅ አድርጉላቸው፣ የሚጨብጡት ብረትም ግድግዳው ላይ ይታሰር።

ከዚያ በኋላ ማረስረስ ነው። ሲሚንቶ የሚጠነክረው በመድረቅ አይደለም፣ ከውሃ ጋር በመዋሐድ ነው። እርጥብ ጆንያ አልብሱትና ቢያንስ 7 ቀን አርጥቡት፤ ፒፒሲ ከሆነ 10 ቀን ብትሰጡት እመርጣለሁ።

ከዚያ ውሃ መከላከያው ቅብ ይመጣል። በሲሚንቶ ላይ የሚቀባ፣ የሚለጠጥ ዓይነት ምረጡ። ሁለት ጊዜ ይቀባል፤ ሁለተኛው የመጀመሪያውን እንዲያቋርጥ አንዱ ወደ ላይ ሌላው ወደ ጎን። ወለል ከግድግዳ የሚገናኝበት ጥግ፣ የደፉ ሥር፣ ከሁሉም በላይ የመውረጃው አንገት ዙሪያ የጨርቅ መረብ በቅቡ መካከል ይግባባቸው። ውሃ በአብዛኛው የሚያመልጠው በወለሉ መሃል አይደለም፣ በእነዚህ መገናኛዎች ነው። ቅቡ በመቆሚያው ላይ ብቻ እንዳያበቃ፤ ሻወሩ የሚረጭበትን ግድግዳ እስከ 1.8 ሜትር ቀቡ። ቤቶቻችን የብሎኬት ናቸው፣ ብሎኬት ደግሞ ውስጡ ባዶ ነው። በልስኑ አልፎ የገባ ውሃ በብሎኬቱ ባዶ ወርዶ መሠረቱ ላይ ያርፋል፤ ማንም አያየውም።

ቅቡ ከደረቀ በኋላ፣ ሴራሚክ ሳይነካው፣ ፈትኑት። መውረጃውን በላስቲክና በጨርቅ አጥብቃችሁ ድፈኑ፤ 4 ሳንቲ ሜትር ያህል ውሃ ሙሉበት፤ የውሃውን ልክ ግድግዳው ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጉ። የሚያስፈልገው ውሃ ከሁለት ጀሪካን አይበልጥም። አጠገቡም በአንድ ሳፋ ውሃ አስቀምጡና እሱንም ምልክት አድርጉበት፤ የሳፋው ውሃ የሚቀንሰው በመትነን ብቻ ስለሆነ ከእሱ ጋር ታመዛዝናላችሁ። 24 ሰዓት ጠብቁ። ሻወሩ ከሳፋው የበለጠ ከቀነሰ ያፈሳል። ፎቅ ላይ የምትኖሩ ሥር ያለውን ጎረቤት በር አንኳኩና ኮርኒሱን አብራችሁ እዩ፤ ይህን ማድረጋችሁ ብቻውን ብዙ ጠብ ያስቀራል። አሁን የተገኘ ስሕተት በአንድ ብሩሽ ይታረማል። ሴራሚክ ከተለጠፈ በኋላ የተገኘ ስሕተት ሁሉንም ማፍረስ ይጠይቃል።

ሴራሚኩ እንግዲህ የመጨረሻው ነው። ወለሉ ላይ ትንንሽና የማያንሸራትት ምረጡ፤ ትልቅ ንጣፍ ተዳፋቱን አይከተልም። ጥጎቹን በግራውት ሳይሆን በሲሊኮን ሙሉ፤ ወለልና ግድግዳ ለየብቻ ስለሚንቀሳቀሱ እዚያ ያለ ግራውት መሰንጠቁ አይቀርም። ዝግጁ የሻወር ትሪ ለምትገዙ ደግሞ ሥሩን በሙሉ በሞርታር ሙሉት፤ ከሥሩ ባዶ የሆነ ትሪ ሰው ሲቆምበት እየረገበ መውረጃው ጋ ይሰነጠቃል።

ስለ ኤሌክትሪክ አንድ ቃል ልጨምር፣ የሕይወት ጉዳይ ስለሆነ። ሻወሩ ራስ ላይ የሚገጠመውን ማሞቂያ ኧርዝ ሳታስገቡለት እንዳትጠቀሙ። እርጥብ ሲሚንቶ ላይ በባዶ እግር የቆመ ሰው ለኤሌክትሪክ አደጋ እጅግ የተጋለጠ ነው። ይህን በራሳችሁ አትሥሩት፣ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ጥሩ።

ከመውረጃው የወጣው ውሃስ የት ይሄዳል? ይህ ጥያቄ ለአቃቂ ሰው ከሌላው ሁሉ የበለጠ ይመለከተዋል። ትልቁም ትንሹም የአቃቂ ወንዝ ከአዲስ አበባ ዙሪያ ተራሮች ጀምረው ከተማውን አቋርጠው ወደ እኛ ይወርዳሉ፣ አባ ሳሙኤል ግድብ ላይ ይገናኛሉ። ከተማው የጣለው ሁሉ መጨረሻው እዚህ ነው፤ በእነዚህ ወንዞች ውሃ አትክልት ይለማል፣ አትክልቱም ተመልሶ ወደ ገበታችን ይመጣል። ከእግራችን ሥር ደግሞ አዲስ አበባ የምትጠጣው የአቃቂ የጉድጓድ ውሃ አለ። ቃሊቲ ያለው የፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያ በቀን 100,000 ሜትር ኩብ እንዲያጣራ ሆኖ ተስፋፍቷል። የፍሳሽ መስመር በደጃችሁ ካለ ሻወራችሁን ከእሱ ጋር አገናኙ። ከሌለ ወደ ሰፕቲክ ታንክ ይግባ። ወደ መንገድ ቦይ፣ ወይም ወደ ጓሮ ጥቁር አፈር፣ በተለይ ከቤቱ መሠረት አጠገብ፣ አትልቀቁት፤ በጓሮ በኩል ዞሮ ያንኑ ጥግ ያሳብጠዋል።

በራሳችሁ እጅ ብትሠሩ ይህ ሁሉ ከአቅማችሁ በላይ አይደለም። የአቃቂ ሰው በጨርቃ ጨርቁና በብረታ ብረቱ ፋብሪካ ውስጥ እጁን ያሠለጠነ ሰው ነው፤ ውሃ ልክ ማንበብና ባልዲ መቁጠር አይከብደውም። ሲሚንቶ ቆዳ ስለሚያቃጥል ጓንት አድርጉ፣ ሥራውንም ጊዜ ሰጥታችሁ ያዙት። በሠራተኛ የምታሠሩ ከሆነም አስቀድማችሁ ተስማሙ፤ የ24 ሰዓቱ የውሃ ፈተና በዓይናችሁ ሳይታይ ሴራሚክ አታስለጥፉ፣ የመጨረሻውንም ክፍያ አትክፈሉ።